አጣቢዎቹ ያስመጡት አግዳሚ

«አያቴ እንግዳ የሚወዱ ሰው ነበሩ ይበሉ። እንግዳ የሚወዱ፣ አዎ። ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ሁሉ እዚህ ቤት ነበር የሚያርፈው፤ እኔም ልጅ ሆኜ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጬ ሲያስተናግዱ አይቻለሁ ይበሉ። ሌላ እንዳይጨምሩ። ካፖርቱን እኔ ይዤልዎት እመጣለሁ፤ እርስዎ ጺምዎን ብቻ ይላጩ።»

አስጎብኚዋ ይህን የሰማችው ፊቷን ታጥባ ፎጣ ስትፈልግ ነው። ስልክ የያዘው ታናሽ ወንድሟ ነበር፤ በእናታቸው ሳሎንና በጓዳው መካከል፣ መጋረጃው አጠገብ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት ቆሟል። በዚህ ቤት ግን ድምፅ ዝቅ አይልም። ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ በሁለቱ ክፍሎች መካከል የነበረው በር ከተነቀለ ቆይቷል። እዚህ ያስነጠሰ ሰው «ይማርህ» የሚባለው ከሦስት ቤት ነው። ወንድሟ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት እናቱ ዘንድ ጎራ ብሎ ሻይ በዳቦ ሳይቀምስ አይሄድም። ዛሬ የለበሰው ሱፍ አዲስ ነው፤ ዋጋውን እንዳይጠይቁት ነው መሰል ጃኬቱን አውልቆ፣ ገበሩን ወደ ውጭ ገልብጦ ወንበር ላይ አንጠልጥሎታል። እናቲቱ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የታጠበ አንሶላ ታጥፋለች። አንሶላ ስታጥፍ በዐይኗ አታይም፤ ጫፉን ከጫፍ የሚያገናኙት ጣቶቿ ናቸው፣ እንደ ካውያ የሚያልፍበትም መዳፏ ነው። ልጇ በስልክ ያለውን ሁሉ ሰምታለች። ፊቷ ላይ ግን ምንም አይታይም።

«የማን አያት ናቸው?» አለች አስጎብኚዋ፣ ፎጣውን እንደያዘች።

ወንድሟ ዘወር አለ። ደነገጠ እንጂ አላፈረም። «ኧረ እትዬ፣ ተነሥተሻል እንዴ? ለዛሬው ስብሰባ ነው። ምስክር አዘጋጀሁልሽ።»

«ምን አዘጋጀህልኝ?»

«ምስክር ነዋ! ምስክር በሌለበት ቦታ አፌን አልከፍትም የምትዪው አንቺ አይደለሽ?»

እውነቱን ነው። ማኅበራትና መሥሪያ ቤቶች ለስብሰባቸው የአካባቢውን ታሪክ የሚያወራላቸው፣ ከስብሰባውም በኋላ ሰፈሩን በእግር የሚያስጎበኛቸው ሰው ሲፈልጉ እሷን ይቀጥራሉ፤ የእሷም የሥራ ደንብ ይኸው ነው። ሌሎች አስጎብኚዎች ዣንጥላ ከፍ አድርገው ይዘው በየሕንፃው ፊት ዓመተ ምሕረት ይደረድራሉ። እሷ ግን በየቦታው አንድ የቦታውን ሰው ታቆማለች። ጸጉር አስተካካዩ ደጃፍ ስትደርስ ጸጉር አስተካካዩን፣ ቁልፍ ቀራጩ ጋ ስትደርስ ቁልፍ ቀራጩን ታስወጣና ታሪኩን ትናገራለች፤ ከዚያ «ነው ወይስ አይደለም?» ብላ ትጠይቃለች። አንዳንዴ «አይደለም» ይሏታል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች፣ ታሪኩም እዚያው ይቃናል። እንግዶቿ እንደ ጨዋታ ነው የሚያዩት። ለእሷ ግን ጨዋታ አልነበረም። በሐሰት አትመስክር የሚለው ቃል ለሰው ብቻ የተነገረ አይመስላትም፤ ግድግዳም፣ መንገድም፣ ሞተው የተረሱ ሰዎችም በሐሰት ሊመሰከርባቸው ይችላል ብላ ታምናለች።

ወንድሟ ከአንድ ሸሪክ ጋር ሆኖ የሚያስተዳድረው የስብሰባ አዳራሽ በሩ ላይ «የነጋዴው ቤት» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎበታል። ሰሌዳው ሲሰቀል ዝም ብላ ነበር። ስም ነው፤ ሰው የጫማ ሱቁንም «ገነት» ይለዋል። ቤቱ ግን ነጋዴ አድሮበት አያውቅም። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ነበር። አሁን አልጋ ላይ ተቀምጣ አንሶላ የምታጥፈው ይህቺ ሴትዮ፣ ልጅነቷን ጨርሳ እስከ ጡረታዋ ድረስ እጇን በረኪና ውስጥ እየነከረች ሁለቱን ልጆቿን ያሳደገችው እዚያ ነው።

«እንዲህ አድርገሽ አትዪኝ እስቲ» አለ ወንድሟ። «የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ዛሬ ደስ ካላቸው የየወሩን ስብሰባ እኛ ጋ ሊያደርጉ ነው፤ ተናጋሪዋም አስጎብኚዋም አንቺ። ዓመቱን ሙሉ! ከእንግዲህ ለአንድ ጉብኝት ብለሽ የሰው ደጅ አትጠኚም።»

«ደስ ካላላቸውስ?»

«ምን ቅር ይላቸዋል? የነጋዴ ቤት ነው። ንጹሕ።» ንጹሕ ሲል ዐይኑ ወደ እናቱ ሄዶ ቶሎ ተመለሰ።

«ምስክር ከተፈለገ እማዬ አለች አይደል እንዴ?»

የጎረቤት ራዲዮ የአየር ጠባይ ያወራል። ወንድሟ የጃኬቱን ገበር ያስተካክላል፣ እናቲቱ አንዱን አንሶላ በአንዱ ላይ ታነባብራለች። በዚህ ቤት ስለ ማጠቢያው ማውራት የቀረው መቼ እንደሆነ አንዳቸውም አያውቁም፤ ተከልክሎ አልነበረም፣ እንደ በሩ ተነቅሎ ነው የቀረ። በመጨረሻ እናቲቱ ቀና ሳትል «አቡሽ፣ ሻይህ በረደ» አለችው። አርባን የዘለለ ሰው ነው፤ ለእሷ ግን ዛሬም አቡሽ ነው።

«እመጣለሁ» አለች አስጎብኚዋ። «የምናገረውን ግን እኔ አውቃለሁ።»

ወንድሟ «እመጣለሁ» የሚለውን ብቻ ሰማና ጉንጯን ስሞ ወጣ።

እሷም ተከትላ ወጣች። የታክሲ ዋጋ ከጨመረ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በእግሯ ነው የምትሄደው፤ እግረ መንገዷንም ምስክሮቿን ሱቅ ሲከፍቱ ታገኛቸዋለች። ዝናብ አድሮ መንገዱ ገና አልደረቀም፤ የፕላስቲክ ዕቃ ሻጯ ባልዲዎቿን እየገለበጠች ውሃ ታፈሳለች። ጸጉር አስተካካዩ መስታወቱን በጋዜጣ ይወለውላል።

«ዛሬ ነው ልበል ወይስ አይደለም ልበል?» አላት ከሩቅ።

«እውነቱን በል።»

«እሱማ ዋጋው ሌላ ነው።» ሳቀና ጋዜጣውን ጨምድዶ ጣለው። «ይልቅ ወንድምሽ ትናንት አንድ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ጸጉራቸውን አስከረከመኝ። ኧረ እንደ ሙሽራ ነው ያሳመርኩልሽ! ምን ሊያደርጋቸው ነው?»

«አያት ሊያወጣላቸው ነው» አለችና አለፈችው። እሱ ነገሩ ሳይገባው ከኋላዋ ሳቀ። እሷ ግን ሳቅ አልመጣላትም። ሰውየው የነጋዴ የልጅ ልጅ ነኝ ይላል፣ እሷም ነው ወይስ አይደለም ብላ ትጠይቃለች፣ እሱም ነው ይላል፤ ከዚያ በኋላ ማን ይነቅለዋል? ታሪክ እንዲህ ነው የሚተከለው። የማኅበሩ ሰዎች ለሚስቶቻቸውና ለባሎቻቸው ያወሩታል፣ ሌላው አስጎብኚ ሰምቶ ዣንጥላውን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል፣ እናቷም በቁሟ ከዚያ ቤት ታሪክ ትወጣለች።

አዳራሹ የቀለም ሽታው ገና አልለቀቀውም። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ምንጣፍ ለብሷል፤ አስተናጋጆች ከየወንበሩ እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን ይሸጉጣሉ፣ አለዚያ ወንበሩ ይወላገዳል። መግቢያው ላይ፣ በትልቅ የአበባ ማሰሮ አጠገብ፣ ረጅም የእንጨት አግዳሚ ወንበር ቆሟል። ጀርባው ቫርኒሽ ተቀብቶ ያብረቀርቃል፤ እግሮቹ ግን እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ ለዓመታት የጠጡ ናቸውና አብጠው ነጥተዋል፣ በረኪና የበላውን እንጨት ቫርኒሽ አይመልሰውም። ከበላዩ የነሐስ ሰሌዳ ተመቷል፦ «የነጋዴው እንግዶች ማረፊያ»። ሰሌዳው ትናንት አልነበረም። አስጎብኚዋ ሰሌዳውን አንብባ ጨርሳ እንደገና አነበበችው። ይህን አግዳሚ ማን እንዳስመጣውና ለምን እንዳስመጣው ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ እናቷ ተናግራላት ሳይሆን ከሰፈር ሴቶች ሰምታ።

አግዳሚው ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ካፖርቱ ትከሻቸው ላይ ሰፍቷቸዋል፤ ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ ብሏል።

«ልጄ፣ ተናጋሪዋ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ፣ አባባ።»

«ተመስገን። እንግዲያው ንገሪኝ፤ አያቴ ነጋዴ ነው ወይስ መስፍን? ልጁ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ሲለኝ ተምታታብኝ።»

ሳታስበው ሳቀች፤ አጠገባቸውም ተቀመጠች። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሆቴል በር ሲከፍቱ የኖሩ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ቀጥ ብሎ መቆሙ አልተዋቸውም፤ ወንድሟ አይቶ የወደደው ያንን ነው። «የእውነት አያትዎስ ምን ነበሩ?» አለቻቸው።

«ውሃ ነበር የሚያመላልሰው፣ በአህያ። ለነጋዴውም ለመስፍኑም ያው እሱ ነው ውሃ የሚያደርስ።»

«እሱን ለምን አይናገሩም?»

«እሱን ለመናገርማ ካፖርት አያለብሱኝም፣ ልጄ።»

እዚያው ቁጭ ብላ ትንሽ አሰበች። ሰውየውን በሰው ፊት ማሳፈር አልፈለገችም፤ ከቤታቸው የወጡት ለዕለት ጉርስ ነው፣ የተንኮሉ ባለቤት እሳቸው አይደሉም። «አባባ፣ ዛሬ እኔ ምንም አልጠይቅዎትም። ቁጭ ብለው ምሳዎን ይብሉ። ሐሰት በእርስዎ አንደበት ባይወጣ ደስ ይለኛል» አለቻቸው።

«ልጁስ ቢቆጣ?»

«ልጁን ለእኔ ይተዉት።»

ሽማግሌው የካፖርቱን እጅጌ አዩት። «ይኼንንስ ላውልቀው?»

«አያውልቁት፤ ያምርብዎታል።»

የመድኃኒት ቤት ባለቤቶቹ እየተንጠባጠቡ መጡና ስብሰባቸውን ጀመሩ። ሰብሳቢያቸው ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ እያንዳንዱን አጀንዳ «እንግዲህ» ብሎ የሚከፍት ሰው ነው። ስለ ሌሊት ተረኝነትና በበዓል ቀን ማን ክፍት ሆኖ ይዋል በሚለው ሲከራከሩ ቆዩ። አንዲት ባለመነጽር ሴት ሰው ሁሉ የተስማማበትን እየተነሣች ታፈርሳለች፤ ሰብሳቢው እሷ እጇን ባወጣች ቁጥር ውሃ ይጠጣል። በመጨረሻ «እንግዲህ፣ ከምሳ በፊት ዘና እንድንል፣ ስለዚህ ስለተከበረ ቤት ታሪክ የምታወጋን እንግዳ ጋብዘናል። ያለ ምስክር አንድ ቃል አትናገርም ተብሎላታል» አለና ጭብጨባ ሆነ። ወንድሟ ኋላ፣ የድምፅ ማጉያው ማሽን አጠገብ፣ እጁን አጣምሮ ፈገግ እንዳለ ቆሟል።

«ወንበራችሁ ለምን እንደሚወላገድ ታውቃላችሁ?» ብላ ጀመረች።

ሳቁ። አንዱ «አናጢው ሰክሮ ነው!» አለ።

«ወንበሩ ደኅና ነው። ወለሉ ነው ወደ መሀል ያዘነበለው። ከዚህ ምንጣፍ ሥር፣ በመሀል በመሀሉ፣ ቦይ አለ። ውሃ ይሄድበት ነበር። ሳሙና፣ በረኪና፣ ደምም ይሄድበት ነበር።»

የወንድሟ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። እሷ ግን አላየችውም፤ የምታየው ግድግዳውን ነበር። ይህ ቤት የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ነበር አለች። እዚህ ጋ በርሜሎቹ ይፈሉ ነበር፤ እዚያ፣ አሁን ሰብሳቢው የተቀመጡበት ጋ፣ ከቀዶ ጥገና የሚመጣው አንሶላ ይከመር ነበር። ሴቶቹ ከጠዋት እስከ ማታ ቆመው ነው የሚያጥቡት፤ መቀመጥ ክልክል ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር አጣቢ አንድ ቀን ወገቧ አልችል ሲላት የአንሶላ እሽግ ላይ ተቀመጠች፤ አለቃቸው አየና እዚያው አባረራት። በማግስቱ ሴቶቹ እንደ ወትሮው ገቡ። ግን አንዲትም እጇን ውሃ ውስጥ አልከተተችም። በሩን ከውስጥ ዘግተው…

ድምፅ ማጉያው ተቋረጠ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ፤ ወንድሟ ማሽኑ ላይ አጎንብሶ ገመድ የሚፈልግ መሰለ። አስጎብኚዋ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቀጠለች። «በሩን ከውስጥ ዘግተው እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጡ። ሁሉም። ከዚህ ቤት አንድ አንሶላ ሳይወጣ ዋለ። ሐኪሞቹ አንሶላ በሌለው አልጋ ላይ ሰው ማስተኛት ሲያቅታቸው የሆስፒታሉ ኃላፊ ራሱ መጥቶ ከደጅ ለመናቸው። የጠየቁት ብዙ አልነበረም፤ ያቺ ሴት ትመለስ፣ ለወገባችን መቀመጫ ይምጣልን። የመጣላቸውም አግዳሚ መግቢያው ላይ ያያችሁት ነው። ነጋዴ አልተቀመጠበትም።»

ባለመነጽሯ እጇን አወጣች፤ ሰብሳቢው ውሃ ጠጣ። «ይቅርታ፣ እህቴ። በር ላይ የተጻፈው ሌላ ነው፣ የግብዣ ወረቀቱም ላይ ሌላ ነው። የትኛውን እንመን?»

«እህቴ ቀልድ ትወዳለች» አለ ወንድሟ ከኋላ እየመጣ፤ አንገቱ ላብ በላብ ሆኗል። «የቤቱ ባለቤት የልጅ ልጅ እዚሁ አሉልን። አባባ፣ እስቲ ይንገሩን።»

ሽማግሌው ተነሡ። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ካፖርቱም ልካቸው መሰለ። ወንድሟን አዩ፣ አስጎብኚዋን አዩ፣ ከዚያም በታላቅ ክብር «እኔ ዛሬ እንግዳ ነኝ። ምሳ ተጋብዤ ነው» ብለው ተቀመጡ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ወንድሟ ብቻ አልሳቀም።

ባለመነጽሯ ግን አልለቀቀችም። «እሳቸው ካልመሰከሩ አንቺም ምስክር የለሽም ማለት ነው። ያለ ምስክር አልናገርም ብለሽ!»

«አለኝ» አለች አስጎብኚዋ። «እናንተ ምሳችሁን ብሉ፤ እኔ ይዤ እመጣለሁ። ባዶ እጄን ከተመለስኩ የተናገርኩትን እንዳልሰማችሁ ቁጠሩት፣ ለየወሩም ሌላ ተናጋሪ ቅጠሩ።»

ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። ከኩሽና የሳህን ኳኳታ ይሰማል፤ ሁለቱም ድምፃቸውን ዋጥ አድርገው፣ በልጅነታቸው እናታቸው እንዳትሰማ ሲጣሉ እንደነበረው ነው የተነጋገሩት።

«ለምን እንዲህ ታደርጊኛለሽ? እኔ ከዚያ ያወጣኋት መስሎኝ ነበር። ሥራዬ ብለሽ መልሰሽ ከተትሻት።»

«እሷ መች አውጣኝ አለችህ?»

«አንቺን ምን አሉሽ? እኔን ነው ‹የደም አንሶላ› ሲሉኝ ያደግኩት። ከትምህርት ቤት እስከ ቤት! አንቺንማ ማን ደፍሮ ይልሻል፣ ትማቺ ነበር።»

«አንተም መማታት ነበረብህ።»

«ይኸው እየተማታሁ ነው» አለ፤ የሱፉን ኮሌታ ጨበጠ። «በዚህ ነው የምማታው።»

ወንድሟ ነው፤ ሲያለቅስ እጁን ይዛ ከትምህርት ቤት ያመጣችውም እሷ ናት። እሱ ግን ዝምታዋን እንደ መሸነፍ ቆጠረውና ቀስ ብሎ «ደግሞ አትመጣም» አለ። «ጠይቂያት። ለእኔ ስትል አትመጣም።» የከፋው ነገር እውነቱን መሆኑ ነበር። መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ስታሰላስል፣ ከልቧም ስትጸልይ ሄደች፤ የጸለየችው እንድታሸንፍ አልነበረም፣ እናቷን እንዳታስገድድ ነው።

እናቲቱ አንሶላዎቹን ጨርሳ የትራስ ልብስ ይዛለች። አስጎብኚዋ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ ስለ ሽማግሌው ስትደርስ እናቲቱ ትንሽ ፈገግ አለች። ከዚያ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«ተዪው፣ ልጄ። ልጄን ሰው ፊት ላዋርደው? እኔ መሥራቴን እግዜር ያውቃል። ለእኔ ይበቃኛል።»

«እሺ፣ እማዬ።»

«ቅር አለሽ?»

«አላለኝም» አለች፤ ብሏታል። ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ከእናቷ ጎን ተቀመጠችና አንድ የትራስ ልብስ አንሥታ ታጥፍ ጀመር። ከዚህ በኋላ መሄድ አያስፈልግም፤ ሰዎቹ ምሳቸውን በልተው ይጠብቃሉ፣ ሲሰለቻቸው ይበተናሉ። ዝም ከማለት ብላ፣ ለሌላ ነገር ሳታስበው፣ «አግዳሚውን እኮ ቫርኒሽ ቀብቶታል። የነሐስ ሰሌዳ መትቶበታል» አለች።

«ምን ይላል?»

«የነጋዴው እንግዶች ማረፊያ።»

የእናቲቱ መዳፍ ጨርቁ ላይ ቆመ። «የቱን አግዳሚ?»

«ያንን።»

«የእኛን አግዳሚ?»

የጎረቤት ራዲዮ ዘፈን ላይ ነው። እናቲቱ እጇን ከጨርቁ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አኖረች። «እኔን ይደብቀኝ» አለች ቆይታ። «ወልጄዋለሁ፣ ያፈረብኝ እንደሆነ እችለዋለሁ። እነሱን ግን ምን ብሎ? ያቺን ነፍሰ ጡሯን፣ ያቺን አንካሳዋን፣ ያቺን ስታጥብ የምትዘፍነውን… እነሱ የእሱ እናቶች አይደሉም! በምን መብቱ ነው የሚደብቃቸው? አንዳቸውም የሉም እኮ። ቀርታ የምትናገርላቸው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ እዚህ የትራስ ልብስ አጥፋለሁ።» ተነሣች። «ጫማዬን አቀብዪኝ።»

«የትኛውን?»

«አዲሱን ነዋ። የነጋዴ ቤት ነው እያልሽኝ!»

ታክሲ ያዙ። አዳራሹ ሲደርሱ አስተናጋጆቹ ሳህን ያነሣሉ፤ ጥቂት ሰዎች ቦርሳቸውን ይዘው ቆመዋል። ወንድሟ እናቱን ሲያይ ፊቱ ነጣ። ፈጥኖ መጥቶ ክንዷን ያዘ፤ አያያዙ ግን የዋህ ነበር። «እማዬ፣ ደክሞሻል። ቢሮዬ ገብተሽ ትንሽ እረፊ።»

«ስንት ዓመት አሳረፍከኝ፣ አቡሽ» አለችው። «ደኅና አርፌአለሁ።» ክንዷን ቀስ አድርጋ አስለቀቀችና ገባች።

ምንጣፉ ላይ ስትራመድ መሀሉ ጋ ደርሳ እግሯን አነሣችና ተሻገረች፤ ቦዩ የነበረበትን ቦታ እግሯ አልረሳውም። ሰብሳቢው ከወንበሩ ተነሥቶ «እማማ፣ ይቀመጡ» አለ። እሷ ግን ቆማ ቀረች። አስጎብኚዋ እንደ ደንቧ ከጎኗ ቆመች።

«ይህ ቤት የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ነበር። ነው ወይስ አይደለም?»

«ነው።»

«አጣቢዎቹ በሩን ከውስጥ ዘግተው ተቀመጡ፣ አግዳሚውንም አስመጡ። ነው ወይስ አይደለም?»

«አይደለም» አለች እናቲቱ።

ወንድሟ ቀና አለ። ሰብሳቢው ባለመነጽሯን አየ። አስጎብኚዋ ወደ እናቷ ዞረች።

«ማን ነው ዘጉት ያለሽ? ብንዘጋውማ ሰብረው ይገቡ ነበር፤ ሰብረው ገብተው ደግሞ ሰነፎች ተኝተው አገኘናቸው ይሉ ነበር። አልዘጋነውም። ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርገን ከፍተን፣ ፊታችንን ወደ መንገዱ አዙረን ነው የተቀመጥነው። ሐኪሙም ይየን፣ በሽተኛውም ይየን፣ መንገደኛውም ይየን ብለን። ልጆቻችንም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ያዩናል ብለን።» ትንፋሽ ወሰደች። «ክፈቱት ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና «እንግዲህ፣ ፕሮግራማችን…» ብሎ ጀመረ። ባለመነጽሯ «ፕሮግራሙ ይቆየን» ብላ ወንበሯን ወደ አሮጊቷ አዞረች። ቦርሳ ይዘው የቆሙትም ቦርሳቸውን መልሰው አስቀመጡ። ሁሉም ግን አይደሉም፤ ሦስት አራት ሰዎች ተሰናብተው ወጡ፣ አንደኛው ሲወጣ «ምሳችን ላይ ደም» ብሎ አጉረመረመ። ኩሽና ውስጥ ሳህን የሚያጥቡት ሴቶች ድምፅ ሰምተው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ኮሪደሩ ላይ ብቅ ብለው ነበር። ወንድሟ አያቸውና የአዳራሹን በር ሊዘጋ እጀታውን ያዘ።

«አቡሽ» አለች እናቱ።

ዞረ። ሰው ሁሉ አብሮት ዞረ። እናትና ልጅ ተያዩ፤ እሱ እጁን ከእጀታው ላይ አላነሣም። በኋላ ቀስ ብሎ፣ ከባድ ዕቃ እንደሚያወርድ ሰው፣ በሩን ወደ ኋላው ገፋው። እስከ ግድግዳው ድረስ ገፋው፤ እንዳይመለስም በእግሩ ያዘው።

«ግቡ፣ ግቡ እናንተም» አለች እናቲቱ ሳህን አጣቢዎቹን። «ቁጭ በሉ። ገና አልጀመርኩም።»